ሯጩና መምህሩ ፤ የሻምበል አበበ ቢቂላ የሕይወት ታሪክ

ሰው በተፈጥሮው ምንም ያህል ስጦታ ቢኖረው፥ ስጦታውን አስተውሎ መንገዱን የሚያሳየው መምህር ካላገኘ ያ ስጦታ በመሬት ውስጥ እንደ ተቀበረ መክሊት ሆኖ ይቀራል። መምህርም በበኩሉ ምንም ያህል ዐዋቂ ቢሆን፥ የሚሰማና የሚታገሥ ደቀ መዝሙር ካላገኘ ድካሙ በጭንጫ ላይ እንደ ወደቀ ዘር ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ያለፍን ሰዎች ይህን ነገር ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። በቅኔ ቤት ደቀ መዝሙሩ ሌሊቱን ሁሉ ሲቈጥር ያደረውን ቅኔ ጧት በመምህሩ ፊት ሲቀኝ፥ ቤቱ ቢሰበር ወይም ምሥጢሩ ቢፈርስበት መምህሩ ያርሙታል እንጂ ከጉባኤው አያባርሩትም። ተማሪውም አፍሮ ወደ አገሩ አይመለስም፤ የተሰበረበትን ቤት ያውቅና በማግሥቱ ሌላ ይቀኛል። እንዲህ እያለ በመሰበርና በመታረም ብዛት ባለቅኔ ይሆናል።

ይህን አሳብ ዛሬ እንድናነሣው ያደረገን በከተማችን ደቡብ፥ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ባለው በፉሪ ሰፈር ያየነው ነገር ነው። በዚያ ጎሕ ሲቀድ የሚነሣ ሰው ወጣቶች ወደ ፉሪ ተራራ አቅጣጫ ሲሮጡ ያገኛቸዋል። ከዕለታት አንድ ቀን ማለዳ አንድ ልጅ ከጓደኞቹ ወደ ኋላ ቀርቶ፥ ቍርጭምጭሚቱን ይዞ፥ ዐይኑን ከመሬት ተክሎ በመንገድ ዳር ተቀምጦ አየነው። አሠልጣኙ መሆኑን ከአኳኋኑ የተረዳነው አንድ ጎልማሳ አጠገቡ በርከክ ብሎ እግሩን እያሸ በለሆሳስ ይነግረው ነበር። ምን እንደ ነገረው አልሰማንም። ልጁ ግን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተነሣ፤ መጀመሪያ እያነከሰ፥ ቀጥሎ እየተራመደ፥ በመጨረሻም እየሮጠ ከዐይናችን ተሰወረ። እኛም መንገዳችንን ስንቀጥል አንድ የሸዋ ገበሬ ልጅና ከሩቅ አገር የመጣ መምህሩ ትዝ አሉን፤ የሁለቱንም ታሪክ ለአንባቢ ማስታወስ የሚገባ መሰለን።

አበበ ቢቂላ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፥ በደብረ ብርሃን በኩል ባለችው በጃቶ መንደር ነው። በዚያው ዕለት በአሜሪካ አገር በሎስ አንጀለስ ከተማ የኦሊምፒክ ጨዋታ የማራቶን ሩጫ ይደረግ ነበር፤ ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ በጃቶ የማራቶንን ስም የሰማ ሰው አልነበረም። እናቱ ወይዘሮ ውድነሽ በነበሩ ይባላሉ። ሕፃኑ ገና አራት ዓመት ሳይሞላው የኢጣልያ ጦር አገራችንን ወረረ፤ በዚያ በመከራ ዘመን የርሱም ቤተ ሰብ እንደ ብዙው ሰው ቀዬውን ለቆ ነበር። ነጻነት ከተመለሰ በኋላ አበበ እንደ ማንኛውም የገበሬ ልጅ ከብት እየጠበቀ፥ የገና ጨዋታ እየተጫወተ፥ ዳገቱንና ሜዳውን በባዶ እግሩ እየረገጠ አደገ። የአካሉ ጥንካሬ የተገኘው ከዚህ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለ ጥንካሬ የነበራቸው ልጆች በሸዋ ደጋ ብዙ ነበሩ፤ ከነርሱም ውስጥ ዓለም ስሙን ያወቀው አንዱን ብቻ ነው። ስለዚህ ልዩነቱን ያመጣው ምን እንደ ሆነ መመርመር ያስፈልጋል።

ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ሠራዊት ተራ ወታደር ሆኖ ተቀጠረ። በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በሜልቦርን ከተማ በተደረገው የኦሊምፒክ ጨዋታ ስትካፈል፥ ማሞ ወልዴን የመሳሰሉ የሠራዊቱ ልጆች የአገራቸውን ስም በልብሳቸው ጽፈው ተመለሱ። ወጣቱ ወታደር ያን ልብስ ባየ ጊዜ እርሱም እንዲህ ያለ ልብስ ለመልበስ ልቡ እንደ ተነሣሣ ይነገራል። በዚያ ዘመን በሠራዊቱ የሩጫ ውድድር ስሙ የገነነው ዋሚ ቢራቱ ነበረ፤ አበበም ከእንዲህ ያሉት ታላላቆች ኋላ ሆኖ ሩጫን ተማረ።

አሁን ወደ መምህሩ እንመለስ። ሻለቃ ኦኒ ኒስካነን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1910 ከፊንላንድ ወላጆች የተወለዱ የስዊድን ሰው ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ አገራችን ሠራዊትዋንና ትምህርት ቤቶችዋን እንደ ገና በምታቋቁምበት ጊዜ፥ በ1946 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆኑ ነው፥ ወደ ኢትዮጵያ መጡ፤ የጦር ተማሪዎችንም የሰውነት ማጠንከሪያ ትምህርት ያስተምሩ ጀመር። ብዙ የውጭ አገር ሰዎች ውላቸውን ፈጽመው ሲመለሱ፥ እኒህ ሰው ግን የዕድሜያቸውን ብዙውን ክፍል ከእኛ ጋር አሳለፉ።

እኒህ መምህር አበበን ባዩት ጊዜ ያዩት ጕልበቱን ብቻ አይደለም። ጕልበትማ በሠራዊቱ ሞልቶ ነበር። እርሳቸው ያዩት የሚነገረውን የሚሰማ፥ የተሰጠውን ሥራ ሳያጕድል የሚፈጽም፥ ብዙ የማይናገርና የማይመካ ሰው መሆኑን ነው። ስለዚህ ከሌሎቹ ጋር አድርገው በሥርዓት ያሠለጥኑት ጀመር። ሰዓት ይዘው ርምጃውን ለኩ፤ አንዳንድ ቀን ረጅም መንገድ፥ አንዳንድ ቀን ደግሞ አጭር መንገድ እያደጋገመ በፍጥነት እንዲሮጥ አደረጉ፤ ዳገት አስወጡት፤ አያሯሯጡን አረሙለት፤ በጫማና ያለ ጫማ እየሮጠ የሚሻለውን እንዲያውቅ ፈተኑት። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በምትገኘው በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለው ስስ አየር ለደረቱ ትምህርት ቤት ሆነው። ከሁሉም በላይ ያስተማሩት መጠንን ነው፤ መቼ መታገሥ፥ መቼም መውጣት እንደሚገባ። ጕልበት ለአበበ የተፈጥሮ ሀብቱ ነበር፤ መጠን ግን በትምህርት የመጣለት ነው።

በ1952 ዓ.ም. ክረምት በአዲስ አበባ የማራቶን ውድድር ተደርጎ አበበ አንደኛ ወጣ። ማራቶን ማለት 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር የሆነ ሩጫ ነው፤ እርሱም ይህን ያህል መንገድ በውድድር ሲሮጥ የመጀመሪያው ነበር። ጥቂት ሳምንታት ቈይቶ ሁለተኛውን ሲሮጥ በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሴኮንድ ፈጸመ። የቼኮስሎቫኪያው ኤሚል ዛቶፔክ በሄልሲንኪ ከተማ አሸንፎ የተመዘገበለት የኦሊምፒክ ጊዜ 2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ3 ሴኮንድ ነበር። መምህሩ በእጃቸው ባለው ሰዓት ላይ ያዩትን ነገር ዓለም ገና አላወቀም ነበር፤ እርሳቸው ግን ዐውቀው አበበ ቢቂላንና አበበ ዋቅጅራን ለማራቶኑ ይዘው ወደ ሮማ ሄዱ።

በሮማ የመጀመሪያው እንቅፋት ጫማ ሆነ። በዚያ የተገኘው አዲስ ጫማ ለአበበ እግር አልተስማማም። አንዳንድ ሰዎች አበበ በባዶ እግሩ የሮጠው ጫማ አጥቶ ነው ብለው ሲናገሩ ይሰማል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። መምህርና ደቀ መዝሙር መክረው፥ እግርን ከሚያቈስል አዲስ ጫማ ይልቅ በልምምድ የተፈተነ ባዶ እግር ይሻላል ብለው ወሰኑ። ሁለተኛም የሩጫውን መንገድ አስቀድመው ተመለከቱት። በዚያ መንገድ ላይ፥ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ፥ ጠላት በወረራ ዘመን በ1929 ዓ.ም. ከአክሱም ነቅሎ የወሰደው ሐውልት ቆሞ ነበር። ከሐውልቱ ሲደርስ ያለውን ኀይል ሁሉ አውጥቶ እንዲሮጥ አስቀድሞ ተቈረጠ።

ጳጕሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ በፈረንጅ አቈጣጠር ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960፥ በአገራችን የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበረ። ሩጫው ከካምፒዶልዮ ኮረብታ ተነሥቶ ከቀትር በኋላ ተጀመረና ሌሊት ሆነ፤ በጥንታዊው በአፒያ መንገድ ወታደሮች ችቦ ይዘው ያበሩ ነበር። አበበ መጀመሪያ ከብዙዎቹ መካከል ነበረ፤ በኋላ የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላምና እርሱ ብቻ ሁለቱ ተለይተው ወጡ። አበበ አስቀድሞ ራዲ 26 ቍጥር ይለብሳል ተብሎ ስለ ተነገረው ያን ቍጥር በፊቱ ይፈልግ ነበር፤ ራዲ ግን የለበሰው 185 ቍጥር ስለ ሆነ አጠገቡ የሚሮጠው ሰው ማን እንደ ሆነ ሳያውቅ ብዙ መንገድ አብረው ሮጡ። ይህም ቢሆን አላወከውም፤ የተማረውን መጠን ጠብቆ ሄደ። የአክሱም ሐውልት ከቆመበት ስፍራ በደረሰ ጊዜ እንደ ተመከረው ፈጠነ፤ በቈስጠንጢኖስ ቅስት በርም ብቻውን ደረሰ። ጊዜው 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሴኮንድ ሆነ። የሶቪየቱ ሰርጌይ ፖፖቭ ከሁለት ዓመት በፊት ከሮጠው ጊዜ የሴኮንድ 8 አሥረኛ ብቻ ያነሰ ስለ ነበረ፥ በማራቶን ከዚያ ቀድሞ የተሻለ አልተሮጠም። ራዲ 25 ሴኮንድ ያህል ዘግይቶ ገባ፤ አበበ ዋቅጅራም 7ኛ ሆነ።

ይህ ድል በጥቁር አፍሪካዊ የተገኘ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ ነው። ዘመኑም ብዙ የአፍሪካ አገሮች ነጻነታቸውን ያገኙበት ዓመት ነበረ። ሃያ አራት ዓመት ቀድሞ የጦር ሠራዊት አዲስ አበባ የገባው ከዚያች ከተማ በተላለፈ ትእዛዝ ነው፤ አሁን ግን አንድ የኢትዮጵያ ወታደር ያለ መሣሪያ፥ ያለ ጫማም ገብቶ ክብርን ይዞ ተመለሰ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴም ኒሻን ሸለሙት፤ በማዕርግም ከፍ አደረጉት።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ታሪክ ሕፃን ሁሉ የሚያውቀው ነው። ትምህርቱ ግን ከድሉ በኋላ በመጣው ፈተና ይበዛል።

የሮማ ድል ሦስት ወር ከጥቂት ቀን እንደ ሆነው፥ ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. በክብር ዘበኛ አዛዥ የተመራው የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ተነሣ። ሙከራው ከከሸፈ በኋላ አበበ የዚያው ሠራዊት ወታደር ስለ ነበረ ከሌሎቹ ጋር ለጥቂት ጊዜ ተይዞ ነበር፤ እጁ እንደሌለበት ስለ ታወቀ ግን ተለቀቀ። ትናንት ሕዝብ በእልልታ የተቀበለው ሰው ዛሬ እስረኛ ሆኖ ማደሩ የዚህን ዓለም ክብር አላፊነት ያስተምራል። አበበ ከዚያ ሲወጣ ቂም ይዞ አልተቀመጠም፤ ወደ ልምምዱ ተመለሰ። በዚያው በ1953 ዓ.ም. በአቴና ከተማና በጃፓን አገር በኦሳካ፥ በ1954 ዓ.ም. መባቻም በቼኮስሎቫኪያ በኮሺትሴ የተደረጉትን ማራቶኖች አሸነፈ።

ሁለተኛው ፈተና ሽንፈት ነው። ሚያዝያ 11 ቀን 1955 ዓ.ም. በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ከማሞ ወልዴ ጋር ሮጠ። ሁለቱም ከመነሻው ጀምረው እጅግ ፈጥነው ሌሎቹን ሁሉ ጥለው ሄዱ፤ ነገር ግን ነፋሱና ብርዱ ከዳገቱ ጋር ተባብሮ እግራቸውን አሰረው። የቤልጅጉ ኦሬል ቫንደንድሪሽ አንደኛ ሲወጣ፥ አበበ በ2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ከ43 ሴኮንድ 5ኛ፥ ማሞም 12ኛ ሆኑ። ያልተሸነፈ ሰው መሸነፍን ሲማር ከሁለት ነገሮች አንዱ ይደርስበታል፤ ወይ በሰው ላይ ያመካኛል፥ ወይም ራሱን ይመረምራል። አበበ በቦስተን መጠንን ዘንግቶ ነበር፤ በሚቀጥለው ጊዜ ግን እንዳልዘነጋው ሥራው መስክሮለታል።

ያ የሚቀጥለው ጊዜ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ነው። ወደዚያ ሊሄድ ሲዘጋጅ ሦስተኛው ፈተና መጣ። የትርፍ አንጀት በሽታ ያዘውና መስከረም 6 ቀን 1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሆዱ ተቀደደ። ለሩጫው የቀሩት 35 ቀኖች ብቻ ነበሩ። እንኳን 42 ኪሎ ሜትር ለመሮጥ፥ ከአልጋ ተነሥቶ ለመራመድም ጊዜ ያስፈልገው ነበር። በዚህ ጊዜ የመምህሩ ዋጋ ታየ። ሳያጣድፉትና ተስፋም ሳያስቈርጡት፥ መራመድ ሲችል አራመዱት፥ መሮጥ ሲችል አስሮጡት።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ በቶኪዮ ጎዳና ላይ ተሰለፈ፤ በዚህ ጊዜ ጫማ አድርጎ ነበር። ከመንገዱ እኩሌታ ገደማ ጀምሮ ብቻውን ቀደመ። ወደ ስታዲየሙ ሲገባ ሕዝቡ ሁሉ ተነሣ። በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ ሮጦ ለሁለተኛ ጊዜ ከዓለም ሁሉ የተሻለ ጊዜ አስመዘገበ፤ ሁለተኛ ከወጣው ከእንግሊዙ ባዝል ሂትሊ ከ4 ደቂቃ በላይ ቀደመ። የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ሰው ከርሱ በፊት አልነበረም። ሩጫውን እንደ ፈጸመም በሣሩ ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር፤ ተመልካቹም እየተደነቀ ያጨበጭብለት ነበር። ወደ አገሩ ሲመለስ የመኰንንነት ማዕርግ ተሰጠው።

በዚያው ቀን ሦስተኛ ስለ ወጣው ሰው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ኮኪቺ ፁቡራያ የጃፓን መኰንን ነበረ። ስታዲየም ሲገባ ሁለተኛ ነበር፤ እንግሊዙ በመጨረሻው ዙር በሕዝቡ ፊት ቀደመው፤ ፁቡራያም የአገሩን ሕዝብ እንዳሳፈረ አድርጎ ቈጠረው። ከዚያ በኋላ ሰውነቱ ታመመ፤ አለቆቹ ሩጫውን ብቻ እንዲያስብ ብለው ሊያገባት የወደዳትን ልጅ እንዳያገባ ከለከሉት፤ አሠልጣኙም ከአጠገቡ ተለየ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1968 መጀመሪያ፥ ገና በ27 ዓመቱ፥ ሕይወቱን በገዛ እጁ አሳለፈ። ይህን የምንተርከው በሟች ለመፍረድ አይደለም፤ በጕብዝናው ጊዜ ሁሉ የሚያጨበጭብለት፥ በወደቀ ጊዜ ግን አጠገቡ የሚቀመጥ ያጣ ወጣት ምን እንደሚደርስበት ለማሳየት ነው። ሁለቱም ወታደሮች ነበሩ፤ ሁለቱም ሕመምን ዐወቁ፤ አንዱ ግን መምህሩ አልተለየውም።

በሐምሌ 1959 ዓ.ም. አበበ በስፔን አገር በሳራውስ ሲሮጥ እግሩ ተጐዳ። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ኦሊምፒክ ሦስተኛ ወርቅ ለማግኘት ከማሞ ወልዴና ከመርዓዊ ገብሩ ጋር ቢሰለፍም፥ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ የእግሩ ሕመም ስለ ጠናበት አቋረጠ። ከመውጣቱ በፊት የአገሩን አደራ ለማሞ ሰጥቶት እንደ ነበረ ይነገራል። ማሞም አደራውን አላጐደለም፤ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ አንደኛ ወጣ፤ መርዓዊም 6ኛ ሆነ። ሁለት ጊዜ በአንደኛነት የቆመ ሰው ባልንጀራው በዚያ ስፍራ ሲቆም ቆሞ ማየትና ደስ መሰኘት ከመሮጥ የሚከብድ ትምህርት ነው። አበበ በሮማና በቶኪዮ ሰውን ማሸነፍ ዐወቀ፤ በሜክሲኮ ግን ራሱን አሸነፈ። ከሜክሲኮ ሲመለሱም የሻምበልነት ማዕርግ ተሰጠው።

ከአምስት ወር በኋላ ከሁሉ የባሰው መጣ። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ ብቻውን ሲጓዝ ቮልስዋገን መኪናው ተገለበጠ፤ እስኪነጋም ድረስ በመኪናው ውስጥ ተይዞ ዐደረ። አከርካሪው ተጐድቶ ስለ ነበረ መጀመሪያ እጁንም እግሩንም ማንቀሳቀስ አልቻለም። ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ስምንት ወር ያህል ታከመ። እጆቹ ተመለሱለት፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱም። በዓለም ላይ ከሁሉ የበለጡ የተባሉት ሁለቱ እግሮች ከዚያ ወዲያ አልቆሙም።

በዚህ ስፍራ ብዙ ሰው ታሪኩ ያለቀ ይመስለዋል፤ ለእኛ ግን የሰውየው ታላቅነት ከዚህ ይጀምራል። አበበ በመንኰራኵር ወንበር ተቀምጦ እንደ ገና ተማሪ ሆነ። በ37 ዓመቱ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1970፥ በስቶክ ማንዴቪል በተደረገው የአካል ጕዳተኞች ጨዋታ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። ቀስት ለመሳብ ሯጩ የሚፈልገው እግር ሳይሆን ክንድና ትዕግሥት ነበር፤ ክንዱን አጠነከረ፥ ትዕግሥቱ ግን ቀድሞም ነበረው። በ1963 ዓ.ም. በኖርዌይ አገር ውሾች በሚጐትቱት የበረዶ መንሸራተቻ 25 ኪሎ ሜትር ተወዳድሮ አንደኛ ወጣ። በጃቶ መንደር ያደገ የሸዋ ልጅ በረዶ ላይ ውሻ እየነዳ ያሸንፋል ብሎ ማን ያስብ ነበር? መምህሩም በሮማና በቶኪዮ ድል ጊዜ አብረውት እንደ ነበሩ፥ በዚህ ዘመንም ወዳጅነታቸውን አላቋረጡም። መምህር ማለት ደቀ መዝሙሩ ማሸነፍ ሲያቅተው የማይተወው ማለት ነው።

በ1964 ዓ.ም. መጨረሻ በሙኒክ ከተማ በተደረገው የኦሊምፒክ ጨዋታ ሻምበል አበበ የክብር እንግዳ ሆኖ ተጠራ። በወንበሩ ተቀምጦ ወደ ስታዲየሙ ሲገባ ሕዝቡ ቆሞ ተቀበለው። የዚያን ዓመት ማራቶን ያሸነፈው አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ሜዳሊያውን ከተቀበለ በኋላ ወደ አበበ ሄዶ እጁን ጨበጠ። ማሞ ወልዴም በዚያ ሩጫ ሦስተኛ ሆኖ ነበር።

ሻምበል አበበ ቢቂላ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በአንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ በ41 ዓመቱ ዐረፈ። ባለቤቱን ወይዘሮ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስንና አራት ልጆችን ተወ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴና እጅግ ብዙ ሕዝብ በተገኙበት በወታደር ሥርዓት በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ተቀበረ። ሻለቃ ኒስካነን ከርሱ በኋላ አሥር ዓመት ያህል ኖረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1984 ዐረፉ። በሮማ መንገድ ላይ የድሉ ምልክት የነበረው የአክሱም ሐውልትም በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. በቀድሞ ስፍራው ቆመ።

ነገር ግን ሁለቱ የዘሩት ዘር ከነርሱ ጋር አልተቀበረም። ከአበበ ጋር በአንድ ሠራዊት የነበረው ማሞ ወልዴ አደራውን ተቀበለ፤ ራሱ በሜልቦርን ኦሊምፒክ የሮጠው ንጉሤ ሮባ አሠልጣኝ ሆኖ እነምሩጽ ይፍጠርን አደረሰ፤ ወልደ መስቀል ኮስትሬም በበኩሉ ደራርቱ ቱሉንና ኃይሌ ገብረ ሥላሴን የመሰሉትን አሠለጠነ። በመጋቢት 2002 ዓ.ም. የአበበ ድል ሃምሳኛ ዓመት በሚታሰብበት ጊዜ የአገራችን ልጅ ሲራጅ ገና በሮማ ማራቶን ሲያሸንፍ፥ ለመታሰቢያው ብሎ የመጨረሻውን ጥቂት መንገድ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ሮጠ። መምህር ደቀ መዝሙርን፥ ደቀ መዝሙርም በተራው መምህር ሆኖ ሌላውን መውለዱ እንደ ቅኔ ቤት ያለ ነው፤ ሐረጉ ካልተቈረጠ አይደርቅም።

እንግዲህ ይህን የምናነብ ሰዎች ብዙዎቻችን ሯጮች አይደለንም። ነገር ግን በየመሥሪያ ቤቱ ከበታቻችን የተመደበ ወጣት አለ፤ በየደብሩም በመምህሩ እግር ሥር የተቀመጠ ተማሪ አለ። አንዳንዱ ዝምተኛ ስለ ሆነ አይታይም፤ አንዳንዱ አንድ ጊዜ ስለ ተሳሳተ ስሙ በክፉ ተጽፎ ተቀምጧል፤ አንዳንዱ ታሞ ሰንብቶ ሲመለስ ስፍራው በሌላ ተይዞ ይጠብቀዋል። አለቃ የሆነ ሰው የበታቹን ሥራ ሲመረምር ስሕተቱን ብቻ እየቈጠረ እንደ ሆነ፥ ወይስ ከስሕተቱ በታች ያለውን ስጦታ ለማየት ጐንበስ እያለ እንደ ሆነ ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል። ኒስካነን ሰዓት መያዝ ብቻ ቢያውቁ ኖሮ ከቦስተን በኋላ ሌላ ሯጭ በፈለጉ ነበር፤ ከመኪናው አደጋ በኋላማ ሥራቸው እንዳለቀ በቈጠሩት ነበር። ወጣቱም በበኩሉ አበበ የሰማውን ያህል መስማትን፥ የታገሠውን ያህል መታገሥን ይማር። ያለ ትዕግሥት የሚፈለግ ክብር ቶሎ ይመጣል፤ ቶሎም ይሄዳል።

በፉሪ መንገድ ዳር ተቀምጦ ያየነው ልጅ የታወቀ ሯጭ ይሁን አይሁን እኛ አናውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገንም። ያወቅነው አንድ ነገር ነው፤ በወደቀበት ሰዓት አጠገቡ በርከክ ያለ ሰው አግኝቷል። ሁላችንም በተሰጠን ስፍራ ለአንድ ሰው እንዲህ ለመሆን እንትጋ።